በአንድ ቃል የዘገየው የሐረር መንገድ

ሐሙስ ጠዋት፣ ሰልፉ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ ሰፍቶብኛል። ዕድሜዬን በጂኦግራፊ አስተማሪነት የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ የአገሩን ተራራና ወንዝ ሰሌዳ ላይ ስስልና ስደመስስ ኖሬ በእግሬ የረገጥኩት ግን ጥቂቱን ነው። አንድ ቀን ምሳዬን ለብቻዬ እየበላሁ ሳለ የተወለድኩባትን ሐረርን ሄጄ ለማየት ወሰንኩ። አባቴ ከሸዋ ተመድቦ የሄደ ወታደር ነበር፤ እኔም ከከተማዋ ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ሸዋ በር አጠገብ በተከራየነው ቤት ተወልጄ ልጅነቴን እዚያው ጨረስኩ። አሁን ወላጆቼ የሉም፣ እህት ወንድም አልነበረኝም፣ የማውቃቸው ጎረቤቶችም ተበትነዋል። የግቢያችን ሴትዮ «ሐረር ማን አለሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ማንም» አልኳት። «ታዲያ ምን ልትሠሪ?» አለች። ሻንጣዬን ማሰናዳቴን ቀጠልኩ።

የተነሳሁበትን አውሮፕላን ማረፊያ ስም አልጽፍም። የማወራው ስለ አሠራር ነው፤ ስም ከጠራሁ አንባቢ አሠራሩን ትቶ ሰዎቹን ይይዛል፣ እነሱ ደግሞ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ማስታወሻ መጻፍ ይቀለኝ ነበር።

ሰልፉ ላይ ከፊቴ የቆሙት ሽማግሌ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ነጭ ኮፍያ የደፉ፣ ከኮታቸው በታች ሽርጥ ያገለደሙ ሰው ነበሩ። ሽርጡን ሳየው ወዴት እንደሚሄዱ አወቅሁ። በተረፈችኝ ኦሮምኛ «አካም ቡልተን?» ብዬ እንዴት አደሩ ስላቸው ዘወር ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «የኛ አገር ሰው ነሽ እንዴ?» አሉኝ በአማርኛ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። የሸዋ በር ልጅ ነኝ ስላቸው ፈገግ ለማለት ሞክረው አልሆነላቸውም።

ዩሱፍ እንደሚባሉ፣ ከሐረር በላይ ባለው ሐኪም ጋራ ጫፍ ላይ ቤትና ጥቂት እርሻ እንዳላቸው፣ የመጡትም የተዳረች ልጃቸውን ለመጠየቅ እንደነበር ነገሩኝ። ጎሕ ሲቀድ ስልክ ተደውሎ ታላቅ ወንድማቸው ኡመር ማረፉን ሰሙ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ ያሳደጋቸው፣ ቁርኣን ያስቀራቸው፣ የዳራቸውም ይኸው ወንድም ነው። ኡመር ሴቶች ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ጀናዛው ሲቀበር መቃብሩ ውስጥ ወርዶ ሬሳውን ተቀብሎ የሚያስተኛው የቅርብ ሥጋ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ የሚወርዱት እሳቸው ናቸው። «ቀብሩ እኩለ ቀን ላይ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው» አሉኝ። «እደርሳለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

የካርታ ሰው ስለሆንኩ በልቤ አሰላሁት። እስከ ድሬ ዳዋ በአየር አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሐረር ድረስ በመኪና ቢበዛ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ተዝናንተው ይደርሳሉ። ይህንኑ ነገርኳቸውና ደስ አላቸው። ሰውን በቁጥር ማጽናናት የአስተማሪ ልማድ ነው።

ፍተሻው ጋ ሁለት መስመር ነበር። በአንደኛው ሰው ቶሎ ቶሎ ያልፋል፤ በሁለተኛው ዕቃ ይበረበራል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ጥያቄ ይበዛል። ወደ ሁለተኛው የሚሄደውን የሚመርጠው አንድ ወጣት ፈታሽ ነው፣ በጣቱ። ከፊታችን ክራቫት ያሰረ ሰው አለፈ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት አለፈች፣ ትልልቅ የጆሮ ማዳመጫ የሰኩ ልጆች እየተሳሳቁ አለፉ። ጣቱ አባ ዩሱፍ ላይ ቆመ። «ፋዘር፣ በዚህ በኩል» አላቸው፤ ድምፁ ትሁት ነበር። እኔን ነጠላዬንና አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አየና «ማዘር፣ እለፊ» አለኝ። አለፍኩ፤ ግን ሻንጣዬን ይዤ ማዶ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

የእሳቸው ቦርሳ መሣሪያው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ስክሪኑን የምትመለከተው ልጅ አንገቷን አስግጋ «ፋዘር፣ ይሄ ብረት ምንድነው?» አለች።

«ቦምባ ነው» አሉ አባ ዩሱፍ።

ልጅቷ እጇን ከመሣሪያው ላይ አነሳች። «ምን አሉ?»

ሽማግሌው የመሣሪያው ጫጫታ ያላሰማት መሰላቸው። ላልሰማ ሰው እንደሚደረገው ድምፃቸውን ከፍ፣ ቃሉንም ዘርዘር አደረጉላት። «ቦምባ። አራት ቦምባ ነው። ለመስጊድ።»

ሐረርን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በዚያ አገር፣ በገጠሩም በከተማውም፣ ሌላው ሰው ቧንቧ የሚለውን ቦምባ የሚሉት ብዙ ናቸው። የቦምባ ውሃ ማለት የቧንቧ ውሃ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ «ቦምባው መጣ» ሲባል ባልዲ ይዤ ሮጬአለሁ፤ ውሃ እንደ ልብ በማይገኝበት ሐረር ከዚያ የሚበልጥ የምሥራች አልነበረም። ሰውዬው ለሶላት መታጠቢያ የሚሆን ቧንቧ ገዝተው ነው የያዙት። ቃሉን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም።

እና እኔም ደነገጥኩ። ይህን ካልጻፍኩ የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል። የዓይን ቅጽበት ያህል ነው፣ ግን መጀመሪያ ጢማቸውንና ኮፍያቸውን አየሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ባልዲዬ ትዝ ያለኝ። ያንኑ ቃል ክራቫት ያሰረው ሰው ቢለው ኖሮ እደነግጥ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። የምስቅ ይመስለኛል።

ክፍሉ ውስጥ

እየሮጥኩ ተመልሼ አስረዳሁ። ቧንቧ ማለታቸው ነው አልኩ፣ ደጋግሜ፣ ክፍል ውስጥ እንደማስተምር። ቦርሳው ተከፈተ፤ በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት ቢጫ የውሃ ቧንቧዎች ወጡ። ልጅቷ እፎይ አለች፣ ወጣቱም አፍሮ ፈገግ አለ። እዚያ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ቃሉ ከተነገረ ተነግሯል፤ ኃላፊ መጠራት አለበት፣ ኃላፊው የበላዩን ማስፈቀድ አለበት፣ ለጭነት የሰጡት ሻንጣቸውም ከአውሮፕላኑ ወርዶ እንደገና መታየት አለበት። ሁሉም ይህን የነገሩን በአክብሮት ነው። አንድ ክፍል አስገብተው ወንበር ሰጡን።

ወጣቱ ፈታሽ «ማዘር፣ አንቺን አይመለከትም፣ በረራሽ እንዳያመልጥሽ» አለኝ። ዘመድ ነሽ ወይ ብሎም ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት አባ ዩሱፍ «የአገሬ ልጅ ናት» አሉት። ማንም ሰው የእኔ ነች ካለኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ሐረር የሚጠብቀኝ ሰው የለም አልኩት ልጁን፣ ብዘገይ የሚከፋው የለም። ብቸኝነት ለአንድ ቀን ጠቀመኝ፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ኃላፊው የበላዩን ሲፈልግ፣ የበላዩ ስልክ አልነሳ ሲል፣ ሻንጣው ሲፈለግ ጊዜው ሄደ። በመስታወቱ በኩል አውሮፕላናችን ሲንቀሳቀስ አየነው። አባ ዩሱፍ ትንሿን ስልካቸውን አውጥተው ዓይናቸው አጠገብ አስጠግተው ቁጥር ፈለጉና ደወሉ። ሌላ በረራ ያለው ከሰዓት በኋላ መሆኑን ሰምተዋል፤ ከማዶ ያለው ሰው እስከ ዐስር ሶላት እናቆየው፣ ካልሆነም ነገ እናድርገው እያለ የሚለምናቸው ይመስላል። በኦሮምኛ ነው የመለሱለት።

«አትጠብቁኝ» አሉ። «ጀናዛ በሰው ምክንያት አይዘገይም። ቅበሩት።»

ስልኩን ዘግተው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ጣቱን ቀስሮባቸው የነበረው ወጣት በር ላይ ቆሞ ነበር። ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ተርጉሜ ነገርኩት። ሄዶ ውሃ አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይናችን ውስጥ አላየም። አባ ዩሱፍ ውሃውን ተቀብለው «አላህ ይስጥህ» አሉት። እኔ ብሆን ኖሮ እንዲህ አልልም ነበር፤ ንዴታም ነኝ።

ኃላፊው መጥቶ ይቅርታ ጠየቀና የከሰዓት በረራ ላይ ቦታ እንደያዘልን ነገረን። ረጋ ያለ ሰው ነው። ቃሉን ሰምተን ዝም ብንል ነገ የሚጠየቀው ማን ነው አለኝ። ቃሉ ከመነገሩ በፊት ነው የለያችኋቸው አልኩት። ሁሉም ሰው እኩል ይበርበር ከተባለ ሰልፉ አስፋልት ይወጣል፣ አውሮፕላንም አይነሳም፣ ልምድ ያለው ዓይን መምረጥ አለበት አለኝ። እሺ፣ ምረጡ አልኩት፣ ግን በዕጣ ምረጡ፣ ካለዚያም ሰውየው የሚያደርገውን አይታችሁ ምረጡ፤ ጢም ድርጊት አይደለም፣ ሽርጥም ድርጊት አይደለም። የጢማም ሰው ሰልፍ ብቻ የሚፈትሽ ዓይን ጢሙን የተላጨውን ሌባ አያየውም። ለሥልጠና ባሕር ማዶ ሲሄድ እሱን ራሱን በየማረፊያው ከሰልፍ እንደሚያወጡት፣ ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ እንደሚከፋው አጫወተኝ። ታዲያ አልኩት። «ታዲያማ ማዘር፣ እዚህ ስመለስ ሥራዬ ነው» አለ።

ከድሬ ዳዋ ወደ ሐረር

ድሬ ዳዋ ስንወርድ ሙቀቱ ፊት ላይ ያርፋል። ባጃጅ ይዘን መናኸሪያ ደረስን፤ ለሐረር የሚሞላ ሚኒባስ ነበርና ቶሎ ተሳፈርን። ረዳቱ ሽማግሌውን አይቶ ከፊት አስቀመጣቸው። እኔ ከኋላቸው ሆንኩ።

መንገዱ ከከተማ እንደወጣ ወደ ደንገጎ ዳገት ይጠማዘዛል። ሙቀቱ ከኋላ እየቀረ መስኮቱ ይቀዘቅዛል፤ ድንጋያማው ገደል ወደ እርሻ ይለወጣል፣ ማሽላና ጫት በየተረተሩ ይታያል። ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውሃ ተመልሶለት ጀምበሯ ተኝታበት አየሁት። ተማሪዎቼን «ይህ ሐይቅ ነበር» ብዬ ያስተማርኩበት ጊዜ ነበርና ለማን ልንገረው ብዬ ግራ ቀኝ አየሁ። አወዳይ ስንደርስ የጫት ገበያው አስፋልቱን ዘግቶት ሾፌሩ በጥሩምባ እየለመነ አለፈ።

ከጎኔ የተቀመጠው ሐረር ባንድ መሥሪያ ቤት ተመድቦ የሚሠራ ሰው ነበር። ለምን ፊትሽ ጠቆረ አለኝና ነገሩን ነገርኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ያዝንልኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ዘመኑ ክፉ ነው፣ መፈተሽ ምን አለበት፣ የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ እኔም በሌላ ቀን ብሆን ኖሮ እንዲያው ራሴን ነቅንቄ አልፈው ይሆናል።

የተኙ መስለውኝ የነበሩት አባ ዩሱፍ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«መፈተሹን አልጠላሁትም፣ ልጄ። አውሮፕላኑ ቢወድቅ እኔም ውስጡ ነኝ። የከፋኝ ሌላ ነው፤ ጆሯቸው ሳይሰማኝ ዓይናቸው ሰማኝ።»

ሰውየው «ልክ ነው አባቴ» አለ፣ ከአክብሮት ይሁን ከልቡ አላውቅም።

ሐኪም ጋራ

ሸዋ በር ስንወርድ ቀኑ እየመሸ ነበር። ሴቶቹ ቲማቲምና ሎሚ መሬት ላይ ዘርግተው፣ ሚኒባሱ ባጃጁ እርስ በርሱ ተቆላልፎ፣ ረዳቶቹ «አቦ፣ ዞር በል» እያሉ ይሟገታሉ። ሆቴል ልፈልግ ስል አባ ዩሱፍ ቤት ሳትገቢ አትሄጂም አሉኝ። ለቅሶ መድረስ ግዴታ ነውና አብሬ ሄድኩ።

ባጃጁ ዳገቱን ወጥቶ ቤቱ አጠገብ ሲያቆም በሩ ላይ በሸራ ሥር የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ ተነሱ። ሽማግሌው ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይመልሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ማን ወረደ?»

አንድ ጎልማሳ ከመካከል ወጣ። ሰዒድ የሚባል ጎረቤታቸው ነው፣ የጭነት መኪና ሾፌር። ሥጋ ዘመድ አይደለም። አባ ዩሱፍ እጁን ይዘው ሳሙት፣ እሱም የእሳቸውን ሳመ፤ የዚያ አገር ሰላምታ እንዲህ ነው። ሰዒድ እጃቸውን ሳይለቅ «ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሬዋለሁ» አላቸው። «ቀስ አድርጌ ነው ያስተኛሁት፣ አባ። ወላሂ፣ እርስዎ ቢሆኑ እንደሚያደርጉት ነው ያደረግሁት።» ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀሱትን እዚያ ቆመው አለቀሱ። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ባጃጁ አጠገብ አለቀስኩ፤ ማንነቴን የሚያውቅ ባለመኖሩ ማንም አላባበለኝም።

ከሴቶቹ ጋር ውስጥ አስቀመጡኝ። ሩዝ አቀረቡልኝ፣ በወተት የተፈላ ቁጢም ሰጡኝ፤ የቡና ቅጠል ነው፣ ጣዕሙን ረስቼው ነበር። የሟች ታላቅ ልጅ ስሜን ጠየቀችኝ፣ አስቴር አልኳት። አጎቷ ለምን እንደዘገዩ ሰምታ እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየሁ። በዚያው ቅጽበት ከውጭ አንዱ ወጣት ይህንኑ ሲጠይቃቸው ሰማሁ። አባ ዩሱፍም መለሱ።

«አውሮፕላኑ ዘገየ።»

በሩ ክፍት ነበርና ከመቀመጫቸው ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው የለመነኝ ገባኝ። ያየሁትን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ቁጢዬን ጠጣሁ።

ዓርብ፣ ጀጎል

በማግስቱ ሸዋ በር አጠገብ ያለውን ቤታችንን ፈለግሁት። በቦታው የሞባይል ስልክ የሚሸጥበት ሱቅ ቆሟል። ባለሱቁን እዚህ ነበር የተወለድኩት ልለው ፈልጌ ምን ያደርግለታል ብዬ ተውኩት። ቁርሴን አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ፈጢራ በማር በላሁ፤ ብዙ ነበር፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ነው፣ ግማሹን ተውኩት።

ከዚያ በግንብ ወደ ታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ወደ ጀጎል ገባሁ። መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር እንደ ድሮው ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ከሱቃቸው ደጅ ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን እያንቀጫቀጩ በቀኝና በግራ ተደርድረዋል። ኖራ በተቀቡት ጠባብ መተላለፊያዎች ስሄድ፣ ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ውሃ የሚጠብቁበት ቦታ ደረስኩ። አንዷ ጎረቤቷን ተጣርታ ቦምባው መቼ ይመጣል ስትል ሰማሁ። ቆሜ ቀረሁ፤ ሴትየዋ ምን ሆነሽ ነው ብላ አየችኝ።

ገበያው ውስጥ ቅመም የምትሸጥ ሴት ስታስተናግድ አስተዋልኳት። በጥልፍ የተዋበ ልብስ ለለበሰችው አሮጊት በሐረሪ፣ ለገበሬው በኦሮምኛ፣ ረጅም ልብሷን እየሳበች ለመጣችው በሱማልኛ፣ ለእኔ ደግሞ ገና ሳልናገር «እህቴ፣ ምን ልስጥሽ?» በአማርኛ። ይህቺም በዓይኗ ትለያለች። እዚህ ከተማ ሁሉም ይለያል፤ ልብስ አይቶ፣ የሻሽ አጠማጠም አይቶ። የሚለየው ግን በየትኛው ቋንቋ ሰላም ልበለው ብሎ ነው። ከተሳሳተም ደንበኛው ስቆ ያርመዋል፣ ከዚያ ገበያው ይቀጥላል። ለኃላፊው ይህን ልነግረው በተገባኝ ነበር፤ ጥሩ መልስ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐኪም ጋራ ተመለስኩ። አባ ዩሱፍ ከሰው ተለይተው ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለምን ዋሹ አልኳቸው፣ እንደ ልጅ ፊት ለፊት። ሰው እንዲህ ያለ በደል ደርሶበት ዝም ሲል እኔን ያመኛል አልኩ።

«እዚህ ግቢ ያሉትን ወጣቶች አየሻቸው?» አሉኝ። «ዛሬ ብነግራቸው ነገ ሰልፍ ላይ ሲቆሙ ልባቸው ይመታል። ልቡ የሚመታ ያልበዋል፣ የሚያልበውን ደግሞ ጣት ይመርጠዋል። እኔ ሳላውቅ ነው የቆምኩት፤ ልቤ ጸጥ ብሎ ነበር። እነሱም ሳያውቁ ይቁሙ።»

ስንቱን ዓመት ማወቅ ይጠቅማል እያልኩ ያስተማርኩ ሰው፣ አለማወቅን ለልጆቹ እንደ ልብስ የሚያለብስ አባት ፊት ተቀምጬ ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ልነግራቸው አልቻልኩም። ስህተት ነው ብዬ አስባለሁ፣ አሁንም። ግን እኔ ወደዚያ ሰልፍ የምልከው ልጅ የለኝም። እጽፈዋለሁ አልኳቸው በመጨረሻ። ጻፊው፣ ስሜን ግን ቀይሪው አሉኝ። ቀይሬዋለሁ፤ የወንድማቸውንም የጎረቤታቸውንም እንዲሁ።

ስንለያይ የስልክ ቁጥሬን ተቀበሉኝ። መግባትሽን ሳትነግሪኝ እንዳትቀሪ አሉኝ።

ቅዳሜ፣ መልስ

በጠዋቱ የሐረርን ጣፋጭ፣ ሐለዋ ገዛሁ፣ ለማን እንደምሰጠው ሳላስብ፤ ከዚያ ወደ ድሬ ዳዋ ወረድኩ። ፍተሻው ላይ ሻንጣዬ በመሣሪያው አለፈ፣ እኔም በበሩ አለፍኩ፣ መሣሪያውም አልጮኸም። ፈታሿ ሥራዋን ጨርሳ መልካም መንገድ አለችኝ። እኔ ግን ቆሜ ሻንጣዬን መክፈት ጀመርኩ። «አያስፈልግም እናቴ፣ አይተነዋል» አለች እየሳቀች። ከኋላዬ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ምን ፈልጌ እንደነበር ራሴም በደንብ አላውቅም፤ አንድ ሰው ምን ይዘሻል፣ ወዴት ነሽ፣ ከማን ቤት ነው የመጣሽው ብሎ እንዲጠይቀኝ ይሆናል። ዚፑን ዘግቼ ሄድኩ።

መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ቁልቁል እያየሁ ምን ተማርኩ አልኩ። ፍተሻ ይብቃ የሚል ሰው አይደለሁም፤ እኔም መድረስ እወዳለሁ። ግን ለደኅንነቴ ሲባል የሚከፈለውን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ሲከፍለው አየሁ። ሒሳቡ እኔ ጋ አይመጣም። አባ ዩሱፍ የከፈሉት ደግሞ የሚመለስ አይደለም፤ ወንድም አንዴ ነው የሚቀበረው።

ቤቴ ስገባ ቀን ነበር። በሩን ከፍቼ ሻንጣዬን ኮሪደሩ ላይ አቆምኩ። ቤቱ እንደተውኩት ነው፤ ከእኔ በቀር የሚያንቀሳቅሰው የለምና። ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጠራ፤ ያን ሰሞን በሰው የተደወለልኝ የመጀመሪያ ስልክ ነበር።

«በሰላም ገባሽ?» አሉኝ አባ ዩሱፍ። ከኋላቸው የለቅሶው ሰው ድምፅ ይሰማል።

ገባሁ አልኳቸው።

ሌሎቹ እንዳይሰሙ ይመስላል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፍተሻው ላይ አስቸገሩሽ ወይ?»

«አይ» አልኩ። «ምንም አልጠየቁኝም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው።